ማህተም የሌለው ጣውላ

ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቁት ሚስታቸውና የፋብሪካው መዝገብ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ሚስማር ነው የሚላቸው። ሲሠሩ አምስት ስድስት ሚስማር በከንፈራቸው መካከል ይይዛሉ፤ አንዱን መትተው ሲጨርሱ ሌላውን ከአፋቸው ይመዛሉ። ይህን የሚያደርግ አናጺ ሞልቷል። የእሳቸው ልዩነቱ፣ መዶሻውን አስቀምጠው አረፍ ሲሉም ሚስማሩ ከአፋቸው አለመውጣቱ ነው። ሰው መጥቶ አንድ ነገር ሲጠይቃቸው በጣታቸው ወደ አፋቸው ያሳዩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጠያቂውም መልስ ያገኘ መስሎት መንገዱን ይቀጥላል።

ኮርተው አይደለም፣ አፍረው ነው። አንዲት ቃል ከተናገሩ ያቺን ቃል ሳምንት ሙሉ መልሰው መላልሰው የሚያኝኩ ሰው ናቸው። እንዲህ ባልል ኖሮ፣ እንዲያ ብል ኖሮ እያሉ። ስለዚህ ሚስማሩ ይሻላቸዋል።

የሚሠሩበት ፋብሪካ የአውሮፕላን ዕቃ ይሠራል። አውሮፕላን ይሠራል አላልኩም። የክንፉን የፊት ጠርዝ የሚሸፍነውን፣ እንደ ቅጠል የሳሳውን፣ እንደ ቀስት የጎበጠውን ብረት ብቻ ነው። አውሮፕላኑ የሚገጣጠመው ባሕር ማዶ ነው፤ ብረቱም ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ ተጠቅልሎ ወደዚያው ይላካል። ብረቱ የሚሠራበት አዳራሽ ውስጥ ሰው ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ፣ ፀጉሩን ሸፍኖ ነው የሚገባው። የጋሽ ሚስማር ሼድ ግን ከጓሮ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ የመጋዝ ብናኝ። እሳቸው ብረቱ የሚተኛበትን የእንጨት ሳጥን ይሠራሉ። ፎርክሊፍት ነጂው፣ ነገር ሁሉ ቀልድ የሆነለት ሰው፣ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ወደ ሼዱ እየጠቆመ፣ እዚያ ማዶ ያሉት አውሮፕላን ያበራሉ፣ እኚህ ደግሞ አልጋ ያነጥፉለታል ይል ነበር። ጋሽ ሚስማር ቀልዱን ይወዱታል፤ ብቻ ሲስቁ ሚስማሩ እንዳይወድቅ በአፍንጫቸው ነው የሚስቁት።

እዚሁ ፋብሪካ ውስጥ ልጃቸው አለች። አንድዬ ልጅ ናት። ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥታ በጥራት ክፍል ተቀጠረች፤ በሁለተኛው ዓመቷም የራሷ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ማህተም ተሰጣት። ያንን ማህተም አንድ ወረቀት ላይ ካሳረፈችና ከፈረመች ዕቃው ባሕር ይሻገራል፤ ካልፈረመች እዚያው ይቀመጣል። አባት ይህን ያዩ ቀን ቤታቸው እስኪደርሱ እግራቸው መሬት አልነካም። እሳቸው ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቋረጡት። ሲያነቡ ፊደል በፊደል እየነቀሱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው። ሰው ፊት ግን ቢሞቱ አያነቡም። ሲፈርሙም እጃቸው ትንሽ ይዘገያል፤ ይህ እንዳይታይባቸው፣ ለሚያስፈርማቸው ሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ይፈርማሉ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልምጣ።

ፋብሪካው ከዚያ የባሕር ማዶ ገዢ ጋር ለመስማማት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር እስኪቀር ድረስ ሲፈተን ቆየ። ሰዎች መጥተው ለኩ፣ ሄዱ፣ ተመልሰው መጥተው እንደገና ለኩ። በመጨረሻ፣ ዐሥራ ሁለት ብረት ላኩልንና እንየው አሉ። ዐሥራ ሁለት ብረት ማለት ዐሥራ ሁለት ሳጥን ነው። ያ ከሄደና ከተወደደ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልተወደደ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ ወደ ቤቱ ነው። ይህን ያልሰማ አልነበረም፤ በር ላይ የቆመው ዘበኛ እንኳ ያውቀዋል።

ለሳጥኖቹ የሚሆነው ጣውላ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ ጣውላ ጫፉ ላይ በእሳት የተተኮሰ ትንሽ ማህተም አለው፤ የእህል ዘለላ የመሰለ ሥዕልና ጥቂት ቁጥር። ጋሽ ሚስማር ያ ማህተም የሻጩ ምልክት ይመስላቸው ነበር። ከብት ላይ ምልክት እንደሚተኮሰው፣ ይህ የእኔ ነው ለማለት። ስለ ጣውላው ትምህርት ተሰጥቷል፤ አልተሰጠም አይባልም። ሁሉንም ሰብስበው አንድ ሰዓት ያህል አስተማሯቸው፤ በመጨረሻም አራት ገጽ ወረቀት አደሉና አነበብኩ ብላችሁ ፈርሙ አሉ። ጋሽ ሚስማር ከኋላ ተቀምጠው ነበር። የማራገቢያው ድምፅ ግማሹን ንግግር በላው፣ ግማሹን ደግሞ የራሳቸው ሐሳብ በላው። ወረቀቱን ቤት ሄጄ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ ብለው ፈረሙ። ቤት ሲደርሱ አጥፈው ከአልጋው ራስጌ ከተቱት። እዚያው ቀረ።

ረቡዕ ቀን ሰባተኛውን ሳጥን ሲሠሩ፣ ሳጥኑ ከሚቆምባቸው ሦስት ወፍራም ጣውላዎች አንዱ ላይ ጉጥ አዩ። ጉጡ የፎርክሊፍቱ ሹካ ገብቶ ከሚያነሣበት ቦታ ላይ ነው ያረፈው። እንጨት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ጉጥ አያምነውም። መሬት ላይ ሳለ ደህና ይመስላል፤ ክብደት አርፎበት ወደ ላይ ሲነሣ ግን ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ሳጥን ወደብ ላይ ተሰብሮ ብረቱ ሲወድቅ በዓይነ ሕሊናቸው ታያቸው። ወደ ግምጃ ቤት ሄደው ሌላ ጣውላ ጠየቁ። ግምጃ ቤት ኃላፊው፣ ቁልፉን በጣቱ ማሽከርከር የሚወድ ሰው፣ የዐሥራ ሁለቱ ሳጥን ተቆጥሮ ወጥቷል፣ ትርፍ የለም፣ አዲሱ ነገ ከሰዓት ነው የሚገባው አላቸው። መኪናው ዓርብ ጠዋት ይጭናል፣ ብረቱም ሐሙስ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ መግባት አለበት። ጋሽ ሚስማር ምንም ሳይሉ ተመለሱ።

በምሳ ሰዓት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤታቸው ቅርብ ነው። ከጣራው ሥር፣ ከቆጡ ላይ፣ አባታቸው የተዉላቸው አንድ ጣውላ ነበረ። አባትየውም አናጺ ነበሩ። ጣውላው ሃያ ሁለት ዓመት ጥላ ሥር የደረቀ ነው፤ በጣት ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። ለልጃቸው ቁም ሣጥን ሊሠሩበት፣ ዛሬ ነገ ሲሉ የቆየ ነበር። አወረዱት። ሚስታቸው ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ወደ ውጭ አገር ልልከው ነው አሏት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። በትከሻቸው ተሸክመው ሲመለሱ ዘበኛው እንኳ አልጠየቃቸውም፤ ጋሽ ሚስማርን ጣውላ ተሸክመው ማየት፣ ሌላውን ሰው ኮፍያ አድርጎ እንደማየት ነው።

ጣውላውን በልክ ቆረጡት፣ ላጉት፣ ከሰባተኛው ሳጥን ሥር ገጠሙት። ያን ቀን ልባቸው ሞላ። ካላቸው ነገር ምርጡን ሰጥተዋላ። ይህንንም ለማንም አልተናገሩም።

ሐሙስ ጠዋት ልጃቸው ሳጥኖቹን ልታይ መጣች። ደንቡ ሳጥኑ ባዶ ሳለ ተገልብጦ ሥሩ እንዲታይ ነው። ስድስቱን እንደ ደንቡ ገልብጣ አየች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ግን ነጂው ቸኩሎ ብረቱን አስገብቶበት ነበር። ብረት የተኛበት ሳጥን አይገለበጥም። ብረቱን አውጥቶ መመለስ ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እንደገና መለካትም አለው። ቅጹን እንደያዘች ወደ አባቷ ዞር አለች።

“አባዬ፣ የዚህ ሥሩ ደህና ነው?”

ጋሽ ሚስማር ለዚህ ጥያቄ ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ።

“ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው” አሉ።

ውሸት አልነበረም። እንደሚያውቁት እውነቱን ነው የተናገሩት። ልጅቷም ጎንበስ ብላ በባትሪ ብታይ ኖሮ ማህተም የሌለው ጣውላ ይታያት ነበር። ግን አባቷ ናቸው። ሌላ አናጺ ቢሆን ታይ ነበር፤ አባቷ፣ ያውም አንድ ቃል ለመናገር ሦስት ቀን የሚያስቡት አባቷ፣ ደህና ነው ካሉ በኋላ በሰው ፊት ጎንበስ ብላ ማየት እሳቸውን አላምንም ማለት መሰላት። ማህተሟን አሳረፈች፣ ፈረመች። ነጂውም ከንፈሩን አሹሎ፣ አባት ይሠራል፣ ልጅ ታጸድቃለች፣ እኛማ ለመሸከም ነው የተፈጠርነው አለ። የቀሩት አምስትም እንደ ደንቡ ታዩ፤ ሁሉም ብረታቸውን ይዘው፣ ተከድነው በሽቦና በእርሳስ ማሸጊያ ታሸጉ።

ነገሩ የወጣው በራት ሰዓት ነው። ሐሙስ ምሽት ሦስቱም ገበታ ላይ ቀርበው ልጅቷ ደስ ብሏት ታወራ ነበር። እናቷ ስለ ሥራው ምንም አታውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር እንደ ተረት ትጠይቃለች። ያ የዘለላ ሥዕል ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት፤ የልጅቷ ቱታ ኪስ ውስጥ ካለ ወረቀት ላይ አይታው ኖሯል። ልጅቷ አስረዳቻት። እንጨት ውስጥ ነቀዝ ይኖራል፣ እንቁላልም ይኖራል፤ እንጨቱ አገር ሲያቋርጥ ነቀዙም አብሮ ያቋርጣል፤ የሰው አገር ደን ገብቶም ይፈጃል። ስለዚህ ለሳጥን የሚሆን ጣውላ ሁሉ ምድጃ ገብቶ እስከ ውስጡ መጋል አለበት። ማህተሙ ገብቷል ማለት ነው። ማህተም የሌለው አንድ ጣውላ ከተገኘ ወደቡ ላይ ጭነቱን ያግዱታል፤ ወይ ይመልሱታል፣ ወይ ሳጥኑን ያቃጥሉታል።

“አንድ ብቻ ቢገኝስ?” አሉ ጋሽ ሚስማር።

ልጅቷ ገረማት። አባቷ ራት ላይ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም።

“አንድም ቢሆን ነው አባዬ። ደግሞ ነቀዝ የሚወደው የቆየ ደረቅ እንጨት ነው ይላሉ። እርጥቡን ሌላ ይበላዋል፣ ደረቁን እሱ።”

ጋሽ ሚስማር እጃቸው ገበታው ላይ እንዳለ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት የደረቀው ጣውላ፣ ሲመታ የሚጮኸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ትዝ አላቸው፤ እሳቸው በእርግጥም ከቆጥ ነው ያወረዱት። ከዚያ የልጃቸው ፊርማ ትዝ አላቸው። ሰባተኛው ቅጽ ላይ ያለው ስም የእሳቸው አይደለም። የአናጺ ስም ቅጽ ላይ አይጻፍም።

ከራት በኋላ ከአልጋው ራስጌ ወረቀቱን አወጡና መብራቱ አጠገብ ተቀመጡ። ፊደል በፊደል ነቀሱት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረሱበት። እንዲያውም በወፍራም ቀለም ተጽፎ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ፋብሪካው በሩን ሳይከፍት ደረሱ። ሐሳብ ይዘው ነው የመጡት። አዲሱ ጣውላ ሐሙስ ከሰዓት ገብቷል። ሳጥኑ የታሸገው በላይ በኩል ነው፤ ጣውላው ያለው በሥር። ነጂው ሳጥኑን ትንሽ ካነሣላቸው፣ እሳቸው ከሥር ገብተው አሮጌውን ነቅለው አዲሱን ይመታሉ። ማሸጊያው አይነካም። ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጎዳም፣ የልጅቷም ፊርማ እውነት ይሆናል። ዘዴው ጥሩ ነበር። ሲያስቡት አንድም ቀዳዳ አላገኙበትም።

ነጂው ገና ሻዩን አልጠጣም። ሥሩን አንድ ነገር ልይበት አሉት። ሳጥኑን እስከ ጉልበታቸው አነሣው፤ እሳቸውም በጀርባቸው ተኝተው ገቡ። አባታቸው የተዉላቸው ጣውላ ከፊታቸው አንድ ክንድ ላይ ነው። መንቀያውን ከጣውላው ጠርዝ ሥር ሰደዱ። መዶሻውን ከፍ አደረጉ።

እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ።

ከጣውላው በላይ ሌላ ጣውላ አለ፣ ከዚያ በላይ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ ብረቱ ተኝቷል። እንደ ቅጠል የሳሳው ብረት። በፈተናው ወራት፣ አንድ ሠራተኛ በሙከራ ሳጥን ክዳን ላይ አንዲት ሚስማር ስለመታ ብቻ ብረቱ ከሳጥኑ ወጥቶ እንደገና ሲመረመር አይተዋል። ያን ጊዜ የጥራት ክፍል ኃላፊዋ፣ ሚዛን የሚሏት፣ ነገሩን በቀላል ቃል ነበር ያስረዳቻቸው። ብረቱ ሲመታ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊያበጅ ይችላል፤ ስንጥቁ መሬት ላይ ምንም አይልም፤ ሰማይ ላይ ነው የሚናገረው። ይህን ለመስማት የማራገቢያው ድምፅ አልከለከላቸውም፤ ስንጥቅ የሚባለውን ነገር ከእንጨት ያውቁታላ። እንደ ጉጡ ማለት ነው።

ነቀዝ ቢገኝ ሳጥን ይቃጠላል፣ ሥራ ይቀራል። ይህ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ሰዎች ተሳፍረው፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው፣ አንዳንዱም እንቅልፍ ወስዶት፣ ይሄዳሉ። የአንዲት ልጅ ፊርማ እንዳይበላሽ ተብሎ፣ የክንፉን ብረት አንድ አናጺ ከሥር በመዶሻ እንዳናወጠው አያውቁም።

መዶሻውን ደረታቸው ላይ አስቀመጡት።

“ጋሼ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?” አለ ነጂው ከላይ።

“አውርደው” አሉ እየወጡ። “ቀስ አድርገህ አውርደው።”

ልጃቸውን ከአዳራሹ በር ላይ አገኟት። ፀጉሯን ልትሸፍን ነበር። ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዷት። አፋቸው ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ቢሆንም ቃሉ እንቢ ብሏቸው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ከጉጡ ጀምረው፣ ግምጃ ቤቱን፣ ቆጡን፣ ጣውላውን፣ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። መንቀያውንም ጭምር። በሕይወታቸው ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም።

ልጅቷ መጀመሪያ ፈገግ ያለች መሰለች፤ ነገሩ ገና ስላልገባት ነው። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

“ሌላ ማን ያውቃል?”

“ማንም።”

“ነጂውስ?”

“ሥሩን ሳይ ነው የመሰለው።”

ወደ ግቢው ተመለከተች። መኪናው ገብቶ እየዞረ ነበር፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ያያል። ዐሥራ ሁለት ሳጥን ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ጋሽ ሚስማር ልጃቸው ምን እያሰበች እንደሆነ አወቁ፤ እሳቸው ሌሊቱን ሲያስቡት ያደሩት ነውና። የሚያየው የለም፤ ከሥር ነው፤ ደግሞም ነቀዝ ላይኖረው ይችላል።

“አባዬ፣ ለምን ነገርከኝ?” አለች። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ እንደ ልጅ ነበር። “ዛሬ ጠዋት ለምን ነገርከኝ? ከሄደ በኋላ ብትነግረኝ ምን ነበር?”

“ከሄደ በኋላማ ለራሴም አልነግረው” አሉ። “አንቺ አታውቂም ነበር። እኔ ነኝ ያልኩሽ። ለኃላፊሽ እኔው እነግራታለሁ፣ አንቺ እዚህ ቆይ።”

“ምን ብለህ ነው የምትነግራት? እኔ ያላየሁትን ነው እኮ አየሁ ብዬ የፈረምኩት።”

ይህን ካለች በኋላ ፀጉር መሸፈኛዋን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ቀድማቸው ሄደች። እሳቸው ተከተሏት።

ሚዛን የሚሏት ኃላፊ አልጮኸችም። ቢጮኹባቸው ይሻላቸው ነበር። ቆማ ሰማች፣ ከዚያ ተቀመጠች፣ ከዚያ ስልክ አነሣች። ሰባተኛው ሳጥን ተለይቶ ቆመ። ነገሩ ግን አንድ ሳጥን አስቀርቶ የሚያልቅ አልነበረም። ወረቀቱ ሁሉ ዐሥራ ሁለት ነው የሚለው፤ ክብደቱም የዐሥራ ሁለት ነው፤ ለባሕር ማዶው ሰው የተላከውም ማስታወቂያ ዐሥራ ሁለት ይላል። ሁሉም ወረቀት እንደ አዲስ ተጻፈ። የቀሩት ሳጥኖች ሥር በፎርክሊፍት እየተነሣ በባትሪ ታየ፣ የስምንተኛውማ ሁለት ጊዜ፤ አሁን ማንም ማንንም አላመነም። ሾፌሩ መርከቧ እኔን አትጠብቅም እያለ መኪናውን በእግሩ ሲዞር ቆየ። ሥራ አስኪያጁ መጥተው አንዴ ጋሽ ሚስማርን አዩዋቸውና ሄዱ። መኪናው የወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዐሥራ አንድ ይዞ።

ነገሩ በግቢው እንደ ሰደድ እሳት ዞረ። ግምጃ ቤት ኃላፊው ቁልፉን እያሽከረከረ፣ ከጋሽ ሚስማር ይልቅ እንጨቱ ይናገራል ብዬ ነበር የምጠብቀው አለ። ከአዳራሹ የወጡ ልጆች ግን አልቀለዱም። አንዳንዱ ሰላምታውን ቀነሰ። የአንድ ዓመት ልፋታቸው በአንድ ጣውላ ላይ መንጠልጠሉን ሲያስቡ ቢቆጡ ይፈረድባቸዋል? ጋሽ ሚስማር አልፈረዱባቸውም።

ሰኞ ዕለት ሁለቱም ተጠሩ። የልጅቷ ማህተም ለሦስት ወር ተወሰደ። እሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ሚዛን ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት ቀስ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። አንብቢልኝ አላሏትም። እንግዲህ ለካ ታውቃለች ብለው አሰቡ፤ ስንት ዓመት ስታውቅ ኖራለች? ጆሯቸው ጋለ። ጀርባቸውን ሳይሰጡ ነበር በዚያ ቀን የፈረሙት፣ ምክንያቱም የሚደበቅ ነገር አልቀረም።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለች ወረቀቱን እየሰበሰበች። “ጉጥ ያለውን ጣውላ ለምን ለእኔ አላሳዩኝም? እንጨቱን ከእርስዎ በቀር እዚህ ግቢ የሚያውቅ የለም። ጉጥ አለው ቢሉኝ አንድ ቀን አዘገየው ነበር።”

እውነቱ፣ እሷን ለመጥራት አዳራሹ በር ድረስ ሄዶ፣ ነጭ ጋውን በለበሱት ሰዎች መካከል ቆሞ፣ ጮክ ብሎ መናገር ስለሚያስፈልግ ነበር። ይህን ከማድረግ የአባታቸውን ጣውላ መቁረጥ ቀልሏቸዋል። ይህን ለሷ አልነገሯትም። ለራሳቸው ግን ነገሩ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርገው አስበውት አያውቁም።

ቤት ውስጥ ሚስታቸው ሁለት ሳምንት ተኮሳተረች። ልጄን አሳጣሃት አለች አንዴ፤ ከዚያ በቃል ሳይሆን በሰሃን ድምፅ ተናገረች። ልጅቷ ደግሞ ጭራሹን ዝም አለች። ከቤት እስከ ፋብሪካ አብረው ይሄዳሉ፤ እሷ ሦስት እርምጃ ትቀድማለች። የእሳቸውን ዝምታ ነው የወረሰችው፣ ለማን አቤት ይላሉ?

ማህተም የሌላት ተቆጣጣሪ አዳራሽ ውስጥ ምንም አታደርግም። ስለዚህ ለሦስቱ ወር ጓሮ፣ ሼዱ ውስጥ፣ ከአባቷ ጋር መደቧት። ሚዛን ይህን ስታደርግ ቅጣት ነው አላለችም፣ አይደለምም አላለችም። ሰባተኛውን ሳጥን እንደ አዲስ መሥራት ነበረባቸው። ልጅቷ ጣውላ ስትይዝ ጣቷን በመጋዙ መንገድ ላይ ታስቀምጣለች፤ ስትለካም መጋዙ የሚበላውን ስስ መስመር ትረሳለች። ጋሽ ሚስማር ሦስት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ቀን አልቻሉም።

“ጣትሽን!” አሉ። እሷ ደንግጣ ሳበች። ከዚያ እየፈሩ፣ በየቃሉ መካከል እየቆሙ፣ እንጨት እንዴት እንደሚያዝ፣ ጉጥ ከየት በኩል እንደሚሰነጠቅ፣ ደረቅ እንጨት ለምን እንደሚጮኽ ነገሯት። እሷም ጠየቀች። የጠየቀችው የተቆጣጣሪ ጥያቄ ነው፤ አንዱን መልስ ይዛ ሌላውን ትጎትታለች። መልስ ለመስጠት አፍ ያስፈልጋል። ሚስማሩን ጣሳ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ፣ ለመዶሻው እንኳ ትንሽ የራቀ ቢሆን። ነጂው አልፎ ሲሄድ ሁለቱን አይቶ ሞተሩን አጠፋና አንድ ቀልድ ፈለገ፤ ሳያገኝ ቀርቶ ሄደ።

ሳጥኑ አልቆ፣ ብረቱ እንደገና ተለክቶ፣ ሌላ ተቆጣጣሪ መጣች። ከልጃቸው ታናሽ ናት። ሳጥኑ ባዶ ነበር፤ እሷ ግን ጋሽ ሚስማር ላይ ዓይኗን ጥላ፣ እንዳላስቀይማቸው ብላ ይመስላል፣ ቅጹን መሙላት ጀመረች። ጋሽ ሚስማር ሳጥኑን በአንድ በኩል ያዙ፣ ልጃቸው በሌላው። ሳትጠይቃቸው ገለበጡት።

“አንድ በአንድ እይው” አሉ። “እኔን አትይኝ፣ እሱን እይው።”

ከባሕር ማዶ መልእክት የመጣው መኪናው ከወጣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ነው። ሚዛን ራሷ ሼድ ድረስ መጥታ አነበበችላቸው። አጭር ነበር። ዐሥራ አንዱ ደርሷል፣ በልኩ ነው፣ ዐሥራ ሁለተኛውን እንጠብቃለን፣ ስለ ቀጣዩ እንነጋገር ይላል። አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ተሰምቶ እስከ ጓሮ መጣ። ሚዛን ፈገግ ብላ ወጣች።

ጋሽ ሚስማር መጋዙን እንደያዙ ቆዩ።

“ሥሩን አይተውት ይሆን?” አሉ።

“ምኑን?” አለች ልጃቸው።

“የሳጥኖቹን ሥር። እዚያ ሲደርሱ ገልብጠው አይተውት ይሆን፣ ወይስ ዝም ብለው ነው ያስገቡት?”

ልጅቷ አሰበች። እንዲህ ያለው ነገር መልእክት ላይ አይጻፍም አለች። አንዳንዱን ጭነት ያዩታል፣ አንዳንዱን አያዩትም፤ የትኛውን እንዳዩ ግን አይናገሩም። ምናልባት ያ ጣውላ አብሮ ቢሄድ ኖሮም ዛሬ የሚመጣው መልእክት ይኸው ነበር፣ ቃል በቃል። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ትንሽ ሻከረ፤ ማህተሟ እስኪመለስላት ገና አምስት ሳምንት ይቀራት ነበር።

“ይሆናል” አሉ አባቷ።

“ይቆጭሃል?” አለች።

ጋሽ ሚስማር ጣውላውን መደገፊያው ላይ አመቻቹት፣ ማህተም ያለበትን ጫፍ ወደ ውጭ አዞሩት።

“ላንቺ ይቆጨኛል” አሉ። “ለሌላው አይቆጨኝም። ያዢልኝ እዚያ ጋ።”

ያዘችላቸው። ጣቷን ከመጋዙ መንገድ ላይ አራቀች።